ሙያና ኑሮ፦ የላቫጆ ማሽን ወይስ ባልዲና ጨርቅ?

ባለፈው ዕትም ስለ ልብስ ስፌት ሥራ ያቀረብነውን አንብባችሁ አስተያየታችሁን በቃልም በጽሑፍም ያደረሳችሁንን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን። የዛሬው ርዕሳችን ደግሞ የወጣው ከዚያው ከአስተያየት ሳጥናችን ነው።

ጥያቄውን የላኩልን በካኩማ አንድ የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የቦዳቦዳ ሞተሮችን፣ አልፎ አልፎም መኪና እያጠበ ይሠራል። አሁን የቤቱ እቁብ ሊወጣ ቀርቧል። ልጁ «በእቁቡ የላቫጆ ማሽን እንግዛ፤ አለበለዚያ ደንበኛው ሁሉ ማሽን ወዳለው ይሄዳል» ይላል። እናት ደግሞ «እቁቡን የምጥለው ከእንጀራ ሽያጬ ነው፤ ባልዲና ጨርቅ ምን አነሰው?» ይላሉ። «እስቲ ማናችን ልክ እንደሆንን በጋዜጣችሁ ላይ ንገሩን» ሲሉ ጠይቀውናል።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በየመንደሩ አንድ ወጣት ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው ዕቃው ነው። ማሽኑ ያብረቀርቃል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ሰው ይሰበሰባል። ባልዲ ግን ማንንም አይጠራም። ሆኖም እቁብ ማለት በእኛ ኑሮ የልጅ ደብተር፣ የመድኃኒት መግዣና የክፉ ቀን ስንቅ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ዕቃ በእርግጥ ሥራ እንደሚሠራ፣ የትኛው በቤት ውስጥ በተሠራ ነገር ሊተካ እንደሚችል አንድ በአንድ ማየት ይገባል። እኛም ዛሬ የምናደርገው ይኸንኑ ነው።

ሁለቱንም የሚያስታርቅ መልስ ስላለን አስቀድመን እንናገረው። ገንዘባችሁን ቀለሙን በሚነካው ነገር ላይ አውሉ፤ ቀለሙን የማይነካውን በእጃችሁ ሥሩ፤ ማሽኑን ደግሞ ደንበኛ ተሰልፎ መጠበቅ ሲጀምር ግዙ። ከዚህ በታች ምክንያቱን እንዘረዝራለን።

ቀለም የሚጎዳው ምንድን ነው?

የመኪናም ሆነ የሞተር ሳይክል ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። በአብዛኞቹ የአሁን ዘመን መኪናዎች ላይ ከታች መሠረት፣ ከመሃል ቀለም፣ ከላይ ደግሞ መስታወት የመሰለ ግልጽ ሽፋን አለ። ያ የላይኛው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከአንድ የፀጉር ክር ውፍረት ያነሰ ነው። መኪናው አዲስ የሚመስለው ይህ ሽፋን ሳይጫር ሲቀር ነው።

የዚህ ሽፋን ትልቁ ጠላት አሸዋ ነው። እኛ በምንኖርበት በቱርካና ምድር ደግሞ አሸዋና አቧራ የማይደርስበት ቦታ የለም። የአሸዋ ቅንጣት እንኳን ቀለምን ብረትንም ይጭራል። ስለዚህ አቧራ የጠጣ መኪና ላይ እርጥብ ጨርቅ ጥሎ መፈተግ ማለት በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ማለት ነው። ያኔውኑ አይታይም። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይወጣል። ባለቤቱም ሁለተኛ አይመለስም።

እንግዲህ የአጠባ ሙያ ዋናው ቁም ነገር አሸዋውን ሳያሹ ማስወገድ ነው። አንድ ዕቃ ውድ ይሁን ርካሽ፣ መጠየቅ ያለበት «አሸዋውን ከቀለሙ ላይ ያነሳል ወይስ ያሻዋል?» ተብሎ ነው።

ገዝታችሁ የማትቆጩባቸው

አንደኛው ማይክሮፋይበር የሚባለው ጨርቅ ነው። ክሮቹ እጅግ ቀጫጭን ስለሆኑ ቆሻሻን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ውሃም በደንብ ይመጣሉ። አሮጌ ቲሸርት ይህን ያህል አይሠራም። ነገር ግን ይህ ጨርቅ አያያዝ ይፈልጋል። ከሌላ ልብስ ጋር አይታጠብም፣ ማለስለሻ አይደረግበትም፣ በፈላ ውሃ አይቀቀልም። መሬት ላይ ከወደቀ ደግሞ እስኪታጠብ ድረስ ቀለም ላይ አይውልም። በቀለም ለዩት፤ ለምሳሌ ሰማያዊው ለአካል፣ ቢጫው ለመስታወት፣ አሮጌው ለጎማና ለሞተር።

ሁለተኛው የመኪና ሻምፖ ነው። ብዙ ሰው ጠርሙሱን ሲያይ ዋጋው ያስደነግጠዋል። ነገር ግን ዋጋን በጠርሙስ ሳይሆን በአጠባ ቁጠሩት። አንድ ሊትር ሻምፖ ለአንድ ባልዲ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚበቃው ከሆነ 50 ጊዜ ያጥባል። የጠርሙሱን ዋጋ ለ50 አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር እጅ ሙሉ ከሚበተነው የልብስ ሳሙና ዱቄት ያን ያህል ላይበልጥ ይችላል። የሚበጠብጡበትን መጠን ጠርሙሱ ላይ ታገኙታላችሁ፤ «አረፋ ይብዛ» ብሎ እጥፍ ማድረግ ገንዘብ መድፋት ነው።

ሦስተኛው ሁለተኛ ባልዲ ነው። አዎ፣ ባልዲ! በአንዱ የሳሙና ውሃ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ ይያዛል። ጨርቁ ቀለሙን ባበሰ ቁጥር መጀመሪያ በንጹሑ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሳሙናው የሚገባው። በአንድ ባልዲ የሚያጥብ ሰው ያነሳውን አሸዋ መልሶ ይቀባዋል። ከሁሉም ዕቃ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው፤ ከሁሉም ርካሹም ይህ ነው።

በቤት ውስጥ ተሠርተው የሚበቁ

በውጭ አገር ሱቆች ለባልዲ ሥር ተብሎ የሚሸጥ የፕላስቲክ ወንፊት አለ። አሸዋው ከሥሩ ይቀመጣል፣ ጨርቁ አይደርስበትም። እኛ ጋ አንድ አሮጌ የፕላስቲክ ወንፊት ገልብጦ ባልዲው ሥር ማስቀመጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለዚህ ገንዘብ የሚያወጣ ካለ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አቧራውን አስቀድሞ ለማራስ በጀርባ የሚታዘል የገበሬ መርጫ ጥሩ ነው። 16 ወይም 20 ሊትር ይይዛል፣ በእጅ ይጫናል፣ መብራት አይፈልግም። ጥቂት ሻምፖ የተበጠበጠበት ውሃ ረጭቶ ጥቂት ደቂቃ መተው ጭቃውን ያላላዋል፤ እንዳይደርቅ ብቻ መጠንቀቅ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን መርጫ በጭራሽ አትጠቀሙ። ታጥቦ የጠራ ቢመስልም በእጅም በቀለምም ላይ ጉዳት ያመጣል። መርጫ ከሌለ ደግሞ ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ የውሃ ጠርሙስ ወይም ጆግ ይበቃል። ከላይ ወደ ታች በቀስታ ማፍሰስ ነው።

ለመስታወት አቼቶ በውሃ አቅጥኖ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ያምራል። የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ሲሆን መስታወት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ይህንንም አቼቶ ያነሳዋል። አንድ እጅ አቼቶ ለአሥር እጅ ውሃ መነሻ ይሁናችሁ። ሲጨርሱ በውሃ ማለቅለቅ እንዳይረሳ።

ለጎማ ማጥቆሪያ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ግሊሰሪን በውሃ ተበጥብጦ ይቀባል። ጎማውን አይጎዳም፣ ጥቁረቱም ደስ ይላል። ይህ ግን ለመኪና ጎማ ጎን ብቻ ነው። በሞተር ሳይክል ጎማ ላይ ማንኛውንም የሚያንሸራትት ነገር መቀባት ሰው መግደል ነው፤ ቦዳቦዳው በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይወድቃል። የፍሬን ሸክላና ዲስክ አጠገብም ዘይት፣ ዋክስም ሆነ ግሊሰሪን አይድረስ።

ለጥቃቅን ቦታ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለካቴና ደግሞ ጠንከር ያለ ብሩሽና ጥቂት ነጭ ጋዝ ይበቃል። ካቴናው ታጥቦ ሲደርቅ ዘይት ማስነካት ከደንበኛው ዘንድ ምስጋና ያተርፋል። ነጭ ጋዝ ቀለም ላይ የተጣበቀ ሬንጅም ያነሳል፤ በጨርቅ ጫፍ ብቻ ተደርጎ ወዲያው በሳሙና ይታጠባል። ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ግን አርቁት።

በቤት ቢሠሩም የማይረቡ

ቤት ውስጥ የተሠራ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት እንዳልሆነም ልናሳስብ እንወዳለን።

የማንም ይሁን የማን፣ ሁላችንም «ኦሞ» ብለን የምንጠራው የልብስ ሳሙና ዱቄት ለቀለም የተሠራ አይደለም። ለጨርቅ እድፍ ስለሆነ ኃይለኛ ነው፤ በቀለሙ ላይ ያለውን ዋክስ ይገፈዋል። በደንብ ያልሟሟው ቅንጣትም ራሱ ይጭራል። የግድ ከሆነ አስቀድማችሁ በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ፣ አጥልላችሁና በጣም አቅጥናችሁ ተጠቀሙ። ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከዱቄቱ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ዋክስ ስለሚያነሳ የዘወትር አይሁን።

ዳሽቦርድ ላይ የምግብ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ለአንድ ቀን ያበራል። በማግስቱ አቧራ ይይዛል፣ ይጣበቃል፣ በፀሐይም ነጸብራቁ በፊት መስታወት ላይ እየወጣ ሾፌሩን ያስቸግረዋል። እርጥብ ማይክሮፋይበር ብቻውን ይበልጠዋል። ጎማን በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት ማጥቆር ደግሞ ጎማውን እያበላሸ ዕድሜውን ያሳጥራል።

የፊት መብራት ሲደበዝዝ በጥርስ ሳሙና መፈተግ ጥቂት ያጠራዋል። ከፋብሪካ የነበረው የፀሐይ መከላከያ ሽፋን ግን ስላለቀ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ለደንበኛው ይህን አስቀድሞ መንገር ታማኝነት ነው። ዘላቂ የሚሆነው በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ መከላከያ ሲቀባ ነው።

በውጭ ሱቆች ውድ ከሚባሉት አንዱ የበግ ቆዳ ጓንት ነው፤ ጸጉሩ ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ አሸዋውን ወደ ውስጥ ይወስደዋል። «በግማ እኛም አገር አለ» የሚል አይጠፋም። የዚህ የቆላ አገር በግ ግን ጸጉሩ አጭርና ደረቅ ነው፤ ቆዳው ለዚህ አይሆንም። እዚህ ላይ ማይክሮፋይበሩ ይበቃል።

ማሽኑስ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ማሽኑ የማይረባ ነው አንልም። ለቤት ተብሎ የተሠራ አነስተኛ ማሽን ውሃውን እስከ 100 ባር ድረስ ገፍቶ ያወጣዋል። በአንድ ቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ብዙውን ጊዜ ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ልዩነቱን ከዚህ ገምቱ። ጭቃን ሳይነካ ማንሳቱ ትልቅ ጥቅም ነው። በተለይ ከፓራፋንጎ ሥርና ከጭነት መኪና አካል ላይ ጭቃ ለማውረድ ወደር የለውም። ነገር ግን እኛ ያለንበት ቦታ አራት ጥያቄ ይጠይቀዋል።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። አነስተኛው ማሽን በደቂቃ ከ5 እስከ 6 ሊትር ይወስዳል። ይህ ማለት የ20 ሊትር ጀሪካን በሦስት ወይም በአራት ደቂቃ ያልቃል። አሥር ደቂቃ ከተረጨ እስከ 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን ሄደ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለአንድ ስደተኛ በቀን ቢያንስ 20 ሊትር ውሃ ሊደርሰው ይገባል የሚል መለኪያ አለው። እንግዲህ አንድ ማጠቢያ የሦስት ሰው የቀን ውሃ ነው። በባልዲ የሚያጥብ ሰው ግን አንድን ሞተር ሳይክል በአንድ ጀሪካን ይጨርሰዋል። ውሃ በቦኖ በሰዓት በሚመጣበት፣ እናቶች ተሰልፈው በሚቀዱበት ሰፈር ይህ ሂሳብ ብቻ ሳይሆን የጉርብትናም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። አነስተኛው ማሽን ወደ 1,400 ዋት ይፈልጋል፤ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ይስባል። አንድ ኪሎ ዋት የሆነች ትንሽ ጄኔሬተር አታስነሳውም። ከጎረቤት መስመር የምትቀጥሉ ከሆነ የመስመሩ ባለቤት ይህን ያህል ይሸከም እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀጭን ገመድ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፤ እርጥብ መሬት ላይ የተላጠ ገመድ ደግሞ ሕይወት ይወስዳል።

ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። ማሽኑን የሚገድለው አሸዋ ያለበት ውሃ ነው። የፓምፑ የጎማ ቀለበቶች ይበላሉ፣ አፍንጫው ይደፈናል። መለዋወጫው እዚህ ካልተገኘ ሎድዋር ወይም ከዚያ በላይ መሄድ ይመጣል። ሎድዋር ከዚህ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመውጫ ፈቃድ መጠየቅ፣ የመኪና ሂሳብ፣ የቀናት ሥራ መፍታት፤ ይህ ሁሉ በማሽኑ ዋጋ ላይ አልተጻፈም። ባልዲ ግን ቢሰነጠቅ በማግስቱ ይተካል።

አራተኛው ደንበኛው ራሱ ነው። የምታጥቡት በአብዛኛው ምንድን ነው? ቦክሰርና ቲቪኤስ ሞተሮች አይደሉም? ለሞተር ሳይክል ደግሞ ኃይለኛ ግፊት ጠላት ሊሆን ይችላል። ውሃው የጎማውን ኩሽኔታ ግሪስ ያጥበዋል፣ በካቴናውና በኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎች ውስጥ ይገባል። ታጥቦ ያበራ ሞተር በሳምንቱ «አልነሳ አለ» ቢባል ስማችሁ ነው የሚጠፋው። ለሞተር ሳይክል በባልዲ፣ በብሩሽና በጨርቅ በጥንቃቄ ማጠብ ከማሽኑ ይበልጣል ማለት ይቻላል።

ሂሳቡን በደብተር

ዋጋ በየሱቁና በየጊዜው ስለሚለያይ እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት፤ እኛ ለምሳሌ ብቻ እንሥራው። ማሽኑ ከቱቦው፣ ከውሃ በርሜሉና ከገመዱ ጋር 24,000 ሽልንግ ፈጀ እንበል። ከአንድ ሞተር አጠባ ውሃ፣ ሳሙናና መብራት ተቀንሶ 50 ሽልንግ ይተርፋል እንበል። ማሽኑ ፈጣን ስለሆነ በቀን ሦስት ሞተር ተጨማሪ ካጠባችሁ 150 ሽልንግ ይጨመራል። 24,000 ለ150 ሲካፈል 160 የሥራ ቀን ነው። በወር 26 ቀን ብትሠሩ እንኳ ከስድስት ወር በላይ ነው፤ ያውም ማሽኑ አንድ ቀን ሳይበላሽ። ተጨማሪው ደንበኛ በቀን አንድ ብቻ ከሆነ 480 የሥራ ቀን፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይሆናል። ተጨማሪ ደንበኛ ከሌለስ? ገንዘቡ አይመለስም።

ይህን ልብ በሉ፤ ማሽኑ የሚሸጥላችሁ ጊዜ ነው። ጊዜ ገንዘብ የሚሆነው ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው። በቀን አራት ሞተር ብቻ የሚመጣላችሁ ከሆነ ማሽኑ የሚጨምርላችሁ ዛፍ ሥር የምትቀመጡበትን ሰዓት ነው።

ለጠየቁን እናት እንግዲህ ይህን እንላለን። እማማ፣ ልጅዎ ዕቃ ያስፈልገናል ማለቱ ልክ ነው፤ በአንድ ባልዲና በአንድ ቡትቶ ጨርቅ ስም አይገነባም። እርስዎም እቁቡ ሁሉ በአንድ ማሽን አይለቅ ማለትዎ ልክ ነው። ከእቁቡ ጥቂቱን ያውጡለት። ሁለት ጥሩ ባልዲ ይጨምር፣ ስድስት ማይክሮፋይበር፣ አንድ ሊትር ሻምፖ፣ ሁለት ብሩሽ፣ አንድ አዲስ መርጫ ይግዛ። ቀሪው በቤት ይቀመጥ። እሱም በምላሹ ደብተር ይያዝ፤ በየቀኑ ስንት ደንበኛ እንደመጣ፣ ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ፣ ስንቱ ደግሞ ወረፋ በዝቶበት ሳይታጠብ እንደሄደ ይጻፍ። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን አብራችሁ ክፈቱ። ወረፋ በዝቶበት የሚሄድ ሰው በየቀኑ ካለ ማሽኑ ይገዛ፤ ያኔ ቁማር አይሆንም። ከሌለ ደግሞ ገንዘቡ አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው።

ለመግዛት የደረሳችሁ ካላችሁ

ደብተሩ ግዙ ያላችሁ ወጣቶች እነዚህን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ።

• ማሽኑ ከበርሜል ውሃ ስቦ የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ። አንዳንዱ ከቧንቧ ግፊት ካላገኘ አይሠራም። ሱቁ ውስጥ በባልዲ ውሃ አስሞክሩት።
• ውሃ መሳቢያው ጫፍ ላይ ማጣሪያ ይኑር። ተጨማሪ የጎማ ቀለበቶችን ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ።
• ያለ ውሃ አታስነሱት፤ ፓምፑ ይቃጠላል።
• ስትረጩ ከቀለሙ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ። ቀለሙ የተላጠ ቦታ ካለ ከዚያ በላይ ራቁ።
• አፍንጫውን ወደ ሰው አታዙሩ፣ ሕፃናትን አታስጠጉ። ይህ ውሃ ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ቢያክልና ባያምም እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ ከውስጥ ነው።
• ብቻችሁን ካልቻላችሁ ሁለት ቡድን ተጋርታችሁ ግዙ፤ ውላችሁን ግን በጽሑፍና በምስክር አድርጉት።

ለሁሉም የሚሆን

ማሽን ይኑራችሁ አይኑራችሁ፣ ሥራውን በማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ በጥላ ሥር አድርጉት። በቀትር ፀሐይ የጋለ ብረት ላይ ሳሙናው ወዲያው ይደርቅና እድፍ ይተዋል፤ ውሃውም ይባክናል። መጀመሪያ ራሱ፣ ቀጥሎ ጎኑ፣ መጨረሻ ጎማው ይታጠብ። የጎማ ጨርቅ ወደ ላይ አይመለስ።

ቆሻሻው ውሃም መሄጃ ይኑረው። ቦኖ አጠገብም ሆነ ወንዙ ውስጥ አትጠቡ። ታራች በጋ ላይ ደረቅ ቢመስልም አሸዋውን ቆፍሮ ውሃ የሚቀዳ ሰውና የሚጠጣ ከብት አለ፤ ዘይትና ነጭ ጋዝ እዚያ መግባት የለበትም። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በድንጋይና በጠጠር ሙሉት፤ ውሃው ይሰርጋል። ዝም ብሎ የተኛ ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል። አንድ ሰፈር በላቫጆ ምክንያት ወባ ያዘው ከተባለ፣ ባልዲም ማሽንም አያድናችሁም፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ራሳቸው ያነሷችኋል፤ እውነትም አላቸው።

ወላጆችም አንድ ነገር አስቡበት። ልጅ ሥራ ፈጥሮ ሲጠይቅ «አይሆንም» ብቻ ብሎ መመለስ ሞራሉን ይሰብራል። «ደብተርህን አሳየኝ» ማለት ግን ያሳድገዋል። ለሥራው የሚበጀው ዕቃ የትኛው እንደሆነ አብሮ መቁጠር ከማንኛውም ማሽን በላይ ለቤቱ ይጠቅማል።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም በዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ፣ በእጃችሁ ሠርታችሁ የተሳካላችሁን ወይም ገዝታችሁ ያልሆነላችሁን ዕቃ ጽፋችሁ በአስተያየት ሳጥኑ ብትጥሉልን ለሌላው ትምህርት ይሆናል። በሚቀጥለው ዕትም በሌላ የሙያ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ሥራችሁ ይባረክ፣ ሰላማችሁ ይብዛ።